ሁለት ግቢ ያለው ቤት

ሳኖአት ከሆስፒታል በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጇ ማህሊዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና፣ «አንቺ ሂጂ። ቢቢዬ ስትመጣ ትቆጣሻለች» አለቻት። ቢቢ የምትላት አያቷን ነው። አያቷ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቷ፣ ስሱ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። መልኳ ያው ነው፤ አበባ ያለበት ሻሿ ያው፤ ልጅቷ ስትተኛ የምትነካካው አገጯ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብም ያው። የተቀየረው ድምፁ ነው።

ቡኻራ ውስጥ ሰው በሁለት ቋንቋ ነው የሚኖረው። ቤት ውስጥ፣ ከድስቱና ከልጁ ጋር፣ ታጂክኛ ነው፤ ደጅ ሲወጣ፣ ገበያ ላይና ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ኡዝቤክኛ። ሻይ ቀድቶ እስኪያቀብል ሦስት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሞልቷል፤ መሻገሩንም ልብ አይለውም። ሳኖአት ግን መሻገሩን ሙያ አድርጋው ኖራለች። ሶዛንዳ ናት፤ ሠርግ ላይ ለሴቶች የምትዘፍን፣ የምታስጨፍር፣ ሙሽራዋንም አስለቅሳ የምታስቅ። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ እሷ ሠርግ የደገሰ ሰው ጎረቤቶቹ ሲያሙት ከርመዋል።

የሶዛንዳ ዘፈን አንድ ተዘፍኖ የሚያልቅ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ተያይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የሳኖአት መንገድ በኡዝቤክኛ፣ በዝግታ ይጀምራል። ሴቶቹ ገና ሻይ እየጠጡ፣ የሰው ቀሚስ እየገመገሙ ነው። መሐል ላይ ሲደርስ ዶይራው፣ ያ ሰፊ አታሞ፣ አራት ጊዜ ይመታና አንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥ ይላል። ከዚያች ጸጥታ በኋላ ምቱ ይፈጥናል፣ ዘፈኑም ወደ ታጂክኛ ይገባል፤ ሻይ የያዘ ሁሉ ሻዩን አስቀምጦ ይነሣል። ሳኖአትና ጓደኞቿ ያቺን ጸጥታ «መታጠፊያ» ይሏታል።

ኮኩ ባበበበት ሳምንት ነው ሻይ ስትቀዳ ፒያላው፣ ያ ጆሮ የሌለው የሻይ ጽዋ፣ ከእጇ የወደቀው። አሥር ቀን ሆስፒታል ተኛች። እግሯ ተመለሰላት፤ ቀኝ እጇም ትንሽ ቢደክምም ተመለሰላት። ንግግሯ ደግሞ ገና በሁለተኛው ቀን ጥርት ብሎ መጣ፤ ነርሶቹን አመሰገነች፣ ሾርባው ጨው የለውም ብላም ወቀሰቻቸው። ሁሉንም በኡዝቤክኛ። ሆስፒታል ውስጥ ኡዝቤክኛ የሚናገር በሽተኛ ማንን ይገርማል? ጉዱ የታየው ቤት ሲገባ ነው። አፏን ለቤቷ ቋንቋ ከፈተች፣ የወጣው ግን የደጁ ነው። እንደገና ሞከረች። ያው የደጁ።

ኡዝቤክኛዋም የሥራ ኡዝቤክኛ ነበር፤ ከደጋሽና ከእንግዳ ጋር የተማረችው፣ ትሕትና የበዛበት። በዚያ ቋንቋ ልጅ አጥባ፣ ልጅ ቆጥታ አታውቅም፤ ልጅን «አንቺ» ማለት እንኳ አልለመደባትም። ስለዚህ ማህሊዮ እጇን ዘርግታ ስትሮጥባት፣ «ይቀመጡ እንጂ፤ ምን ይቅረብልዎ?» አለቻት።

የመጀመሪያ ቀን ልጅቷ እስክትወድቅ ሳቀች። በሁለተኛው ቀን «ተይ አሁን፣ በቃ» አለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመች።

ዶክተር ኢልሆም ወጣት ነው። በተገረዘ ዕለት የዘፈነችለት ሳኖአት ናት፤ ይህንንም በየቀጠሮው ሳትነግረው አታልፍም።

«ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀሱ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ» አለችው።

«አክስቴ፣ ነርሷ ትሰማለች እኮ» አለ ዶክተሩ ጆሮው ቀልቶ። ከዚያ የጭንቅላቷን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ ከግራ በኩል፣ ጠለቅ ብሎ ያለ ለውዝ የሚያህል ጥላ አሳያት። «ቋንቋዎ አልጠፋም። ሁለቱም አሉ። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው አንዱን ሲያወራ ሌላው ተኝቶ አይጠብቅም፤ ሁለቱም ነቅተው፣ እኔ ልውጣ እኔ ልውጣ ይላሉ። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚያሳልፍ በረኛ አለ ውስጣችን። የታመመብዎ እሱ ነው።»

«ታዲያ በረኛውን ይቀይሩልኝ።»

«ቢቻልማ የራሴንም እቀይር ነበር።»

«ቆይ፣ ለምን የቤቴን ያዘብኝ? ኡዝቤክኛውን ይዞ ቢያስቀር ማን ይሞት ነበር?»

ዶክተሩ አገጩን አከከ። «አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራውን ነው፣ አክስቴ። ደካማውን ለማስወጣት ጠንካራውን ተጭኖ መያዝ አለበት። ከልጅነት ጀምሮ ያለው ቋንቋ ደግሞ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ለመያዝም ከባድ ነው፣ ለመልቀቅም። ሕመሙ የመጣው የያዘው እጅ እንደያዘ ነው መሰለኝ። መልቀቅ ረሳ።»

«መቼ ያስታውስ ይሆን?»

«በወር ሊሆን ይችላል፤ በዓመትም። አልዋሽዎትም።»

ሳኖአት ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች። ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ከሁሉ አጥብቆ ተያዘባት፤ ይህ ለእሷ ፍርደ ገምድልነት ነበር። ዓመት መጠበቅ ደግሞ አትችልም። የማህሊዮ እናት ፋሮጋት ሳማራ በምትባል የሩሲያ ከተማ ልብስ ትሰፋለች፤ ልጇን ለእናቷ ትታ ከሄደች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አሁን ክፍል ተከራይታለች፣ መዋለ ሕፃናትም አግኝታለች። ቱቱ ሲበስል መጥቼ እወስዳታለሁ ብላለች። ቱቱ፣ ያ ነጭ ማር የመሰለ የዛፍ ፍሬ፣ ለመብሰል ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ሳኖአት የፈራችው ልጅቷ መሄዷን አይደለም፤ እናት ልጇን ትውሰድ። የፈራችው ያንን የእንግዳ ድምፅ ይዛባት እንዳትሄድ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል? የመጨረሻውን ነው የሚያስታውሰው።

ከቀትር በኋላ ስታሸልብ ሁልጊዜ ያው ሕልም ይመጣል። ተወልዳ ያደገችበት ቤት ነው፤ እንደ ድሮዎቹ ቤቶች ሁሉ ሁለት ግቢ ያለው፣ የውጭው ለእንግዳ፣ የውስጡ ለቤተሰብ። እሷ የውጭው ግቢ ውስጥ ናት። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የማታውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እሷም ጎንበስ ቀና እያለች ታስተናግዳለች። ከውስጠኛው ግቢ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ልጅ ይስቃል፣ የሞተችው እናቷ ሽንኩርት የምትጠብስ ይመስላል። በሁለቱ ግቢዎች መሐል ጨለም ያለ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያ ትሄዳለች፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ትሄዳለች። በሩን ታገኘዋለች። መቀርቀሪያው በሷ በኩል መሆኑን ታውቃለች፣ እጇ ግን አያገኘውም። ስትነቃ ጣቶቿ ፍራሹን ሲዳብሱ ታገኛቸዋለች።

ቱርሱኖይ ልትጠይቃት መጣች። ይህች ሴት ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሳኖአት ጎን ሆና ዶይራ የመታች ናት፤ እጇ ሰፊ፣ አፏ ከእጇም የሰፋ። ሳኖአት ተነሥታ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ቤታችንን አከበሩት» አለቻት።

ቱርሱኖይ ጫማዋን እያወለቀች ቀና አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ከሆስፒታል ነው የወጣሽው ወይስ ከቴሌቪዥን ጣቢያ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትሰድቢኝ ኖረሽ ዛሬ ‹አከበሩት› ስትዪኝ እኔን ራሴን የሚያመኝ መሰለኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዝም በይ። አሁንማ ደንግጫለሁ።»

የሚያወሩት ቢጠፋ ቱርሱኖይ ዶይራዋን ከከረጢቱ አወጣች። ቆዳው እስኪግልና እስኪወጠር ፀሐይ ላይ አዟዟረችው፣ ከዚያ ግቢው መሐል ባለው የእንጨት መደብ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን እንደ መፍታታት መምታት ጀመረች። የለመደችውን፣ ዝግተኛውን። ሳኖአትም ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ አብራት ዘፈነች። ድምፅዋ ሻከር ብሏል እንጂ አለ። በኡዝቤክኛ እየዘፈነች መንገዱን በሙሉ ሄደች፣ አንዱን ዘፈን ጨርሳ ወደ ሌላው፣ ሳትቸኩል። ቱርሱኖይ አራት ጊዜ መታች። ጸጥ አለች። ከጸጥታው ማዶ ሳኖአት በታጂክኛ እየዘፈነች ነበር።

ወጥ ቤት የነበረችው ማህሊዮ ማንኪያ እንደያዘች፣ ባዶ እግሯን፣ እየሮጠች ወጣች። «ቢቢ መጣች!» አለች። ቱርሱኖይ ከመደንገጧ የተነሣ እጇ ዶይራው ላይ ቀረ። ምቱም ቆመ።

«ወዲህ ይምጡ፣ ልዕልቴ» አለች ሳኖአት፣ በኡዝቤክኛ። የውስጡ በር ተመልሶ ተዘግቷል።

ማህሊዮ ማንኪያውን ወርውራ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ግቢው የሙከራ ቦታ ሆነ። ቱርሱኖይ መታጠፊያውን ብቻ ለይታ ብትመታላት አልሠራም። ከመሐል ብትጀምርም አልሠራም። የግድ ከመጀመሪያው፣ ከዝግተኛው፣ የሩብ ሰዓት መንገድ ተሄዶ ነው የሚደረሰው። ሲደረስ ግን ይከፈታል፣ ምቱም እስካልቆመ ክፍት ነው። መጀመሪያ የዘፈኑን ቃላት ብቻ ነበር የምትደፍረው። በአራተኛው ቀን ግን በዘፈኑ መሐል፣ በዚያው ዜማ፣ «ማህሊዮ፣ ጫማሽን አድርጊ» የሚል አስገባች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሄዳ ጫማዋን አደረገች፣ ግራና ቀኙን አገላብጣ፣ ተመልሳም መጥታ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ቱርሱኖይ እጇ እስኪያብጥ መታች።

«የልጅ ጫማ ለማስደረግ የሠርግ ዘፈን» አለች ማታውን እጇን በሞቀ ውሃ እየነከረች። «ነገ ጥርሷን ስታስቦርሺያት ደግሞ መለከት እናስመጣ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት ሳምንት ሄዱ። በየቀኑ አንድ መንገድ፣ ለአንድ መንገድም ጥቂት ቃል። ማህሊዮ እንግዳዋን ሴትዮ ማባረሩን ተወች፤ አልቀረበቻትም ግን። ዶይራው ሲጀምር መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው ጣቢያ ላይ ባቡር እንደሚጠብቅ፣ ቢቢዋን ትጠብቃለች። የቱርሱኖይ ጣቶች ግን ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናቸው ጣቶች ናቸው። በአምስተኛው ሳምንት አንጓቸው አብጦ አልታጠፍ አለ። ዶክተር ኢልሆም የሳኖአትን ነገር ሰምቶ ቢደሰትም፣ የቱርሱኖይን እጅ አይቶ ሁለት ሳምንት ዶይራ አይንኩ አላት።

ፋሮጋትም ቱቱ እስኪበስል አልጠበቀችም። ፈቃድ ያገኘችው አሁን ነው ብላ ሰኞ ጠዋት ከነሻንጣዋ ከች አለች፤ የመመለሻ ባቡሩ ዓርብ ነው። ሳኖአት በሩን ከፍታ ልጇን አየች። ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ሳኖአት ‹አንቺ የኔ ምስኪን፣ ምግብ የሚሰጥሽ የለም ወይ› ማለት ፈለገች። «እንኳን ደህና መጡ። መንገዱ አላደከመዎትም?» አለች።

እዚህ ላይ ፋሮጋት የተሳሳተችውን ስሕተት የቡኻራ ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው። በዚያ ከተማ የተቀየመች እናት አትጮህም፤ ቋንቋ ትቀይራለች። ልጇን በኡዝቤክኛ፣ በእርስዎታ ታናግራለች፣ እንደ እንግዳ፤ ልጅም ያን ሲሰማ ከቤት የወጣ ያህል ይሰማዋል። ፋሮጋት እናቷ መታመሟን ሰምታለች። እናቷ ግን በዚያ የእንግዳ ድምፅ ላለማናገር ስልክ አልቀረበችም፤ ፋሮጋት ደውላ የጠየቀቻቸው ሁሉ «ደህና ናት፤ ንግግሯም ጥርት ያለ ነው» ነው ያሏት። አልዋሹም። ስለዚህ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ሻንጣዋንም ራሷ ተሸክማ ገባች።

ማክሰኞ ሳህን ስታጥብ አልቻለችም። «ኦያ» አለች፣ እናቷን እንዲህ ነው የምትጠራው፣ «ልጄን መውሰዴ ወንጀል ነው? ይስደቡኝ። ይምቱኝ። እንደ እንግዳ ግን አያናግሩኝ።»

«እኔ እርስዎን አልተቀየምኩም» አለች ሳኖአት፣ በዚያው እርግማን በሆነባት ትሕትና።

«ይኸው፤ አሁንም!»

ቱርሱኖይ መጥታ ነገሩን አስረዳቻት፤ በረኛውን፣ ዶይራውን፣ ያበጠውን እጇን። ፋሮጋት ሰማች፣ ራሷንም ነቀነቀች። ግን ነገሩን ማወቅና አንጀት ማመኑ ይለያያል። ማታ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ልጇን አቅፋ ተኛች። ሳኖአት በጨለማው ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ ቆየች። ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሁለቱም እንዲህ ሊሄዱባት ነው።

ሐሙስ ቀን ከሦስት ቤት ማዶ ሠርግ ነበረ። የሙሽራዋ ወገን የሰፈሩ ሰው ነው፣ የሙሽራው ደግሞ ከቃራኩል የገጠር ኡዝቤኮች ናቸው። በሳኖአት ፈንታ ሌላ ወጣት ዘፋኝ ተጠርታለች፣ ቱርሱኖይም እጇን ሰብስባ እንግዳ ሆና ተቀምጣለች። ሳኖአት ግን ጠዋት ተነሥታ የሥራ ቀሚሷን፣ ያንን ወርቃማውን፣ ከሣጥን አወጣች፤ የእጅ ቃጭሏንም አሰረች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለቻት ቱርሱኖይ ገና የሠርጉ ቤት በር ላይ ስታያት።

«አንድ መንገድ ልሂድ።»

«መሐል ላይ ብትቀሪስ? ሁለት መቶ ሴት ፊት? አርባ ዓመት ያቆየሽውን ስም በአንድ ቀን ልትደፊው?»

«ይደፋ» አለች ሳኖአት። ትሕትናውን ለመጀመሪያ ጊዜ የረሳችው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ወጣቷ ዘፋኝ ለታላቋ ቦታ ለቀቀች። ሦስት ልጃገረዶች ዶይራቸውን አነሡ። ከግቢው በላይ የቱት ዛፍ አለ፣ ገና አረንጓዴ ፍሬው በነፋስ ይረግፋል፤ የሩዙ ጭስ በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል። ሳኖአት በዝግታ ጀመረች። የቃራኩል ሴቶች በገዛ ቋንቋቸው ሲዘፈን ሰምተው ደስ አላቸው። የሙሽራው አያት፣ ትልቅ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት፣ ራሳቸውን በምቱ ይወዘውዙ ጀመር። ሳኖአት ዓይኗን ጨፈነች። የውጭው ግቢ፣ ምንጣፉ፣ እንግዶቹ። ጎንበስ ቀና እያለች በመሐላቸው አለፈች። ጠባቡን መተላለፊያ ያዘች፣ ግድግዳው እጇ ሥር ቀዘቀዘ። አራት ምት። ጸጥታ። ማንም መቀርቀሪያ አልነካም፤ በሩ ግን ተከፍቶ ነበር።

ምቱ ፈጠነ፣ ታጂክኛው መጣ። ሴቶቹ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ እልልታው ቀለጠ። ሳኖአት ዓይኗን ገለጠች። ከግቢው ማዶ ማህሊዮ እናቷ ጉልበት ላይ ሆና የስኳር ድንጋይ ትቆረጥማለች። ሳኖአት ዘፈኑን አቆመች። ወደ ልጅቷ እየሄደች፣ በምቱ ላይ፣ መናገር ጀመረች።

«ማህሊዮ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ እኔ ነኝ። የትም አልሄድኩም። ያቺ እንግዳ ሴትዮም እኔው ነኝ፣ እንዳታባርሪያት። ትራሴን ስጪያት፣ ደክሟታል።»

ዘፋኟ ስታቆም አታሞ መቺም ያቆማል፤ ልጃገረዶቹ እጃቸው ላላ። ቱርሱኖይ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አታቁሙ!» ብላ አምባረቀች። «ካቆማችሁ ይዘጋባታል! ምቱ!»

ልጃገረዶቹ ግን ግራ ገብቷቸው፣ አንዷ ስትመታ ሌላዋ ስታቆም፣ ምቱ ተሰነካከለ። ሳኖአት የሚቀጥለው ቃል ከምላሷ ሥር ሲሸሽ ተሰማት። ያን ጊዜ ነው የሙሽራው አያት ማጨብጨብ የጀመሩት። አሮጊቷ ታጂክኛ አንድ ቃል አይሰሙም። የገባቸው ነገር ቢኖር አንዲት ሴት ወደ አንዲት ሕፃን እያየች እንደምትናገር፣ ምት እንደምትፈልግም ነው። ቀጥ አድርገው፣ ሳይፈጥኑ ሳይዘገዩ አጨበጨቡ። ጎናቸው ያለችው ተቀበለቻቸው። ከዚያ የቃራኩል ወገን በሙሉ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ፤ የሩዝ ማማሰያ የያዘችውም ማማሰያዋን በድስቱ ጠርዝ ላይ።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ጅብ የለም» አለች ሳኖአት። «የክረምት ካፖርቴ ነው፤ ከፍተሽ ሰላም በይው። የተወለድሽ ቀን በረዶ ጥሎ ነበር፤ በሻሌ ጠቅልዬ መጀመሪያ የሳምኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ጠልታሽ አይደለም የሄደችው፤ በሄደች ማግስት ደውላ ትንፋሽሽን ብቻ አሰሚኝ ብላኝ፣ ተኝተሽ ስልኩን አፍንጫሽ ሥር ይዤላታለሁ። እዚያ አገር ስምሽን አሳጥረው ይጠሩሻል፤ ሙሉውን እስኪሉት ድረስ ዞር አትበዪላቸው። ብርድ ነው፣ ጫማሽን አድርጊ። ፋሮጋት፣ አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። አልተቀየምኩሽም። ብቀየምሽማ በቤታችን ቋንቋ ነበር አፈር ድሜ የማበላሽ።»

ፋሮጋት እያለቀሰች ሳቀች። ማህሊዮ ከእናቷ ጉልበት ወርዳ፣ በሚያጨበጭቡት ሴቶች መሐል አልፋ፣ ስኳር የተለቀለቀ እጇን የአያቷ አገጭ ላይ፣ ጥቁሩ ነጥብ ላይ አደረገች።

«ቢቢ፣ የት ነበርሽ?»

«በሩ ተዘግቶብኝ።»

«ማን ዘጋብሽ?»

«እኔው ነኝ የዘጋሁት፣ ልጄ። መክፈቻው ጠፍቶኝ ነው።»

ልጅቷ ነገሩን አሰበችበት። ከዚያ ስኳሯን አካፈለቻት። ሳኖአት ስኳሩን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ የሚበቃትን እንዳለች ስታውቅ፣ ለሴቶቹ እጇን አነሣች፤ ጭብጨባው ቆመ። ወደ አሮጊቷ ዞራም «እድሜ ይስጥዎ» አለቻቸው፤ በኡዝቤክኛ፣ ለእሳቸው በሚገባቸው ቋንቋ።

ዓርብ ሄዱ። ባቡር ጣቢያው ላይ ሳኖአት ሁለቱንም «በሰላም ይግቡ» ብላ ሸኘች። ፋሮጋት በዚህ ጊዜ አልተከፋችም። የእናቷን እጅ ስማ፣ «እሺ፣ እንግዳዬ» አለቻት። ሳኖአት ባዶ ቤቷ ገብታ፣ የልጅቷን ትራስ እያሸተተች፣ እስከ ቀትር አለቀሰች።

ቱቱ በስሎ አለፈ። ቱርሱኖይ እጇ ተሽሏት አልፎ አልፎ ትመታላታለች፤ ግቢው ውስጥ ግን ለማን ትናገር? በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ፋሮጋት በስልክ፣ በምስል ትደውላለች። ማህሊዮ ትታያለች፣ ሳኖአትም «እንዴት ሰነበቱ? ቁርስዎን በሉ?» ትላለች፤ ልጅቷም በጨዋ ደንብ «በላሁ» ብላ ወደ መጫወቻዋ ትሄዳለች።

በስድስተኛው እሑድ ግን አልሄደችም። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው፣ ወደ ኋላም ፈቀቅ አለች። ከበስተኋላዋ ጠባብ ክፍል፣ የስፌት መኪና፣ በጉም የተሸፈነ መስኮት ይታያል።

«ቢቢ፣ ላጨብጭብልሽ?» አለች።

ሳኖአት እንደማይሆን ታውቃለች። መንገዱ የሩብ ሰዓት ነው፣ ከመጀመሪያው ካልተሄደ አይደረስም። ልጅቷ ግን መንገዱን አታውቀውም፤ የምታውቀው መታጠፊያውን ብቻ ነው። ትንንሽ እጆቿን አነሣችና አጨበጨበች። አራት መሆን ሲገባው አምስት ጊዜ። ድምፁና ምስሉም አልገጠሙም፤ እጆቿ ከቆሙ በኋላ ነው የመጨረሻው ጭብጨባ ቡኻራ የደረሰው። ከዚያ ጸጥ አለች። አገጯን ደገፍ አድርጋ፣ በሩ ላይ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጠበቀች።

ሳኖአት በስልኩ ምስል ላይ ቁልቁል፣ የልጅቷን ባዶ እግር ተመለከተች።

«ማህሊዮ» አለች በቤታቸው ቋንቋ፣ «ጫማሽ የት አለ?»